«ነርስ»ን «አስታማሚ» ማለት ይገባልን? በሙያው ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

የሙያ ስያሜዎችን በአማርኛ ለመተካት በሚደረገው ጥረት ደጋግመው ከሚነሡት ቃላት አንዱ «ነርስ» ነው። ቃሉ ባዕድ መሆኑ ግልጽ ነው። «አስታማሚ» የሚል፣ አመጣጡ የጠራና አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ደግሞ በእጃችን አለ። በሁለት ቋንቋ በሚዘጋጁ መዛግብተ ቃላት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማለፍ የተለመደ ሆኗል፤ ተርጓሚዎችም አንዱን በሌላው እየተኩ ይጽፋሉ። ከዚህም አልፎ፣ «አስታማሚ» እያለልን «ነርስ» ማለት የስንፍና ምልክት ነው የሚል ክርክር አልፎ አልፎ ይሰማል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት የዚህ ተቃራኒ ነው። «አስታማሚ» ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱም ነርሷ አይደለችም።

በመጀመሪያ የቃሉን አመሠራረት እንመልከት። መነሻው በግእዝ «ሐመመ» የሆነው ግስ በአማርኛ «አመመ» (ራሴን አመመኝ) እና «ታመመ» የሚሉ ቅርጾችን ሰጥቷል። «ታመመ» በተለመደው የ«አስ-» ምዕላድ ሲረባ «አስታመመ» ይሆናል። «ተኛ» «አስተኛ» እንደሚለው ቢሆን ኖሮ፣ «አስታመመ» ማለት «እንዲታመም አደረገ» ማለት በሆነ ነበር። ቋንቋው ግን ይህን ፍች ለ«አሳመመ» ትቶ፣ «አስታመመ»ን ከታመመው ሰው አጠገብ ሆኖ ሕመሙን አብሮ ለሚያሳልፍ ሰው ሥራ አውሎታል። ስለዚህ «አሳማሚ» እና «አስታማሚ» ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሆነው ሳለ አንዱ የሚያቆስል፣ ሌላው የሚያጽናና ሆኑ። ቅርጹ የአስደራጊ፣ ፍቹ የአጋዥ መሆኑ ለሥነ ምዕላድ ተመራማሪ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የምንፈልገው ግን አንዱን ነጥብ ብቻ ነው፤ ይኸውም በቃሉ ውስጥ ሙያ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ያለው መገኘት ነው። እናት ልጇን ታስታምማለች፣ ወንድም ወንድሙን ያስታምማል፣ ጎረቤትም ሌላ ሰው ሲጠፋ ያስታምማል። ለዚህ ሥራ ትምህርት ቤት የለውም፤ ደመወዝም የለውም።

ቃሉ ወደ ሆስፒታል ሲገባ ይህን ፍቹን ሳይለቅ ገባ። በአገራችን ሆስፒታሎች ውስጥ በሕመምተኛው ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎች በአማርኛ በሚገባ ተለይተው የተሰየሙ ናቸው። በመግቢያ ሰዓት መጥቶ ብርቱካን አስቀምጦ የሚሄደው «ጠያቂ» ነው። አልጋው ሥር ጋቢውን አንጥፎ የሚያድረው፣ ምግብ የሚያቀምሰው፣ ገላ የሚያብሰው፣ ደጋግፎ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው፣ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው «አስታማሚ» ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው «አሳካሚ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። በተራዋ ገብታ ሙቀት የምትለካው፣ መርፌ የምትወጋው፣ ጉሉኮሱን የምትቆጣጠረው፣ ያየችውን በካርዱ ላይ የምትመዘግበውና ለቀጣዩ ተረኛ የምታስረክበው «ነርስ» ናት። ይህ ልዩነት በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ የመጣ አይደለም፤ ሕዝቡ ራሱ ያበጀው ነው። የስያሜ ባለሙያ በገንዘብም በጉልበትም ሊገዛው የማይችለው ሀብት ይህ ነው፤ የጠሩ ጽንሰ ሐሳቦች፣ ለእያንዳንዳቸውም የተለመደ ቃል።

አሁን «ነርስ»ን «አስታማሚ» ብለን እንተካና የሚሆነውን እንይ። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ «ቁስሉን አስታማሚው በየሁለት ቀኑ ይጠበው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ የሚያጥበው ማን ነው? በቤት ያለችው እኅት ናት ወይስ የጤና ጣቢያው ነርስ? በበር ላይ «ከአስታማሚ በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ዘበኛው ማንን ያስገባል? እነዚህን ምሳሌዎች ለክርክር ብለን የፈጠርናቸው ቢሆኑም፣ ተርጓሚ በየዕለቱ ከሚገጥሙት ዓረፍተ ነገሮች የራቁ አይደሉም። ጉዳቱም ለነርሷ ብቻ አይደለም። ስሟ ከቤተሰቡ ስም ጋር ሲቀላቀል ዓመታት የተማረችው ሙያ በቃሉ ውስጥ ይጠፋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረችው እናት የምትሠራው ሥራ ስም አልባ ይሆናል። ስም የሌለው ሥራ በመመሪያም በበጀትም አይታሰብም።

ለዚህ ክርክር የሚሰጠውን መልስ እናውቀዋለን። የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ከቤት የወጣ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። መነሻው በላቲን መመገብንና ማጥባትን የሚያመለክተው ግስ ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ጡት አጥቢ ሞግዚትን ያመለክት ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሥልጠና ትምህርት ቤት ካቋቋመች ወዲህ የሞግዚቷ ስም ቀስ በቀስ የባለሙያ ስም ሆነ። ታዲያ «አስታማሚ» በተመሳሳይ መንገድ ከፍ ቢል ምን ይከለክለዋል? ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የዐረብኛው ምሳሌ ነው። ዐረብኛ ነርስን «ሙመሪድ» (ለሴት «ሙመሪዳ») ይላል፤ መሠረቱም ሕመምን የሚያመለክተው «መረድ» ነው። የግሱ ቅርጽ አስደራጊ፣ ፍቹ ግን ሕመምተኛን መንከባከብ ሆኖ መገኘቱ ከ«አስታመመ» ጋር በእጅጉ ያመሳስለዋል። ሁለት ሴማዊ ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ ወደ አንድ ፍች መድረሳቸው የሚያስደስት ነው። ዐረብኛ ይህን ቃል ለሙያው ሲሰጥ ግን በሆስፒታል ከሕመምተኛው ጋር የሚያድረውን ሰው «ሙራፊቅ» ብሎ ለይቶ ይጠራዋል፤ አብሮ የሚሄድ፣ ባልንጀራ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለምም ቢሆን ቃሉን ለሙያው ያለቀቀው ቤተሰቡ ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ እየራቀ በሄደበት ዘመን ነው። በእኛ ዘንድ ቤተሰቡ አልራቀም። ቃሉን ለነርሷ እንስጥ የሚል ሰው አስቀድሞ ለዚያ አልጋ ሥር ላደረው ሰው ሌላ ስም ማምጣት ይኖርበታል። «አጃቢ» የሹም ነው፤ «ተንከባካቢ» በደብዳቤ እንጂ በአፍ አይነገርም።

ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጅበት ዓይናለም፣ ለመቀሌ ከተማ የመጠጥ ውኃ በሚሰጡት ጉድጓዶቹ የሚታወቅ ሰፈር ነው። ስያሜ እንዴት እንደሚሠራ ለመፈተን ከአዲስ አበባ ይልቅ እንዲህ ያለው ቦታ ይሻላል ብንል ማጋነን አይሆንም። በዓይናለም የሚኖር ቤተሰብ በቤቱ ትግርኛ ይናገራል፤ ዘመዱ ታሞ እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት ወደ ጀመረው ዓይደር ሆስፒታል ቢወስደው፣ የሕክምና ካርዱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሚላከው መመሪያ ደግሞ በአማርኛ ይደርሳል። ሦስቱን በአፏ አገናኝታ ለሕመምተኛው የምታስረዳው አብዛኛውን ጊዜ ነርሷ ናት። ለእርሷ «ነርስ» በሦስቱም ቋንቋ አንድ ሆኖ የሚያልፍ ቃል ነው፤ በትግራይ የሚነገረው ትግርኛም «ነርስ» ይላል። በኤርትራ ያለው የትግርኛ አጠቃቀም ግን «ኣላዪት ሕሙማት» የሚል ስያሜ አበጅቷል፤ የሕሙማን ተንከባካቢ ማለት ነው። ይህን ስያሜ የምናደንቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ «ኣለየ» የሚለው ግስ ከሕመም ጋር ብቻ የታሰረ ስላልሆነ ከቤተሰቡ ምንም አልነጠቀም። ሁለተኛ፣ ስያሜውን ስያሜ ያደረገው «ሕሙማት» የሚለው ተቀጽላ ነው። አማርኛ ይህን መንገድ መከተል ይችል ነበር፤ ዛሬ ግን «ነርስ» ሥር ሰድዷል፤ «ነርሷ»፣ «ነርሶች»፣ «ነርስነት» እያለ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ስም ይረባል።

ሥር የሰደደውም በዘፈቀደ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመለሰች፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ብታርፍም በስሟ ሆስፒታል ተሠራ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ቃሉ ከደንብ ልብሱ፣ ከዲፕሎማውና ከማዕረጉ ጋር መጣ፤ ማዕረጉን ትቶ ቃሉን ብቻ መመለስ አይቻልም። (በነገራችን ላይ «ጤና መኮንን» የሚለው ስያሜ በጥሬ ትርጉም የተሠራ ሆኖ ሳለ መያዙ ይደንቃል፤ መኮንኑ ሰይፉን አስቀምጦ የማዳመጫ መሣሪያ አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥል ማንም አልሳቀም።) በዚያው ዘመን የነበረው «ድሬሰር» ግን አልቆየም። ቃሉ ቁስል ማሰርን ቢያመለክትም ጥሬ ፍቹን ይዞ «አልባሽ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ባለሙያውን ከልብስ ጋር ያገናኘዋል፤ ኋላ «ጤና ረዳት» መተካቱ ተገቢ ነበር።

ስለ «ሲስተር» አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ይህ ቃል በአማርኛ የሴት ነርስ የማክበሪያ መጠሪያ ሆኖ ከስም በፊት ይገባል፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የነበረውን የማዕረግ ስምና የካቶሊክ ደናግልን መጠሪያ አዳቅሎ የያዘ ነው። ወንዱ ነርስ ግን የሚጠራበት ቃል የለውም፤ ሕመምተኛው «ዶክተር» ሲለው አንዳንዱ ያርማል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ዕብራይስጥ ሴቷን «አሖት» ወንዱን «አሕ» ብሎ፣ ማለትም እኅትና ወንድም ብሎ፣ ችግሩን ፈትቶታል። በአማርኛ «እኅት» እና «ወንድም» የሁሉም መጠሪያ ስለሆኑ ይህ መንገድ አይሠራልንም። በጽሑፍ «ነርስ»ን ለሁለቱም ጾታ ከስም በፊት ማስገባት ይበቃል። የእንግሊዝ ልብ ወለድ የሚተረጉም ሰው ግን የክፍሉን ኃላፊ «እኅት» ብሎ እንዳይጽፍ እናሳስባለን፤ አንባቢው ዘመድ ይፈልግላታል።

እስካሁን የውሰት ቃልን ስንከላከል ቆየን። አሁን ወደሚወቀስበት እንሻገር። «ሚድዋይፍ» የሚለው ቃል ከጊዜ ወደ ጊዜ «አዋላጅ»ን ከሥራ እያስወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሲመሠረት የአዋላጅ ነርሶችን ስም ይዞ የነበረው የሙያ ማኅበር እንኳ ዛሬ የሚጠራው የኢትዮጵያ ሚድዋይፎች ማኅበር ተብሎ ነው። «ነርስ» የሚለው ከስሙ መውጣቱ ተገቢ ነው፤ ማዋለድ ራሱን የቻለ ሙያ ነውና። «አዋላጅ» መውጣቱን ግን አንደግፍም። «ወለደ» በመጀመሪያው ፊደል መራዘምና በ«አ-» ቅጥያ «አዋለደ» ሲሆን ፍቹ «ስትወልድ አገዘ» ነው፤ «ፈለገ» «አፋለገ» እንደሚባለው። ከ«አስታማሚ» የሚለየው ምንድን ነው ቢባል፣ አዋላጅነት በገጠሩም ቢሆን ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ሙያ እንጂ የዘመድ ግዴታ አለመሆኑ ነው። መንደርተኛው ሁሉ ያስታምማል፤ የምታዋልደው ግን አንዷ ናት፤ ሌሊት በር የሚንኳኳው በእርሷ ነው። ስለዚህ ቃሉ ወደ ሆስፒታል ሲገባ ከማንም ጋር አይጋጭም። «የልምድ አዋላጅ ጋር ያመሳስለናል» የሚል ቅሬታ እንሰማለን፤ ነገር ግን «የልምድ» የሚለው ቃል ልዩነቱን ሠርቶ ጨርሷል። የቅኔ መምህርና የዩኒቨርሲቲ መምህር በአንድ ቃል ሲጠሩ ማን ተዋረደ? ሙያው ከወሊድ በፊትና በኋላ ያለውን ክትትል ይጨምራል፣ «አዋላጅ» ግን ወሊዱን ብቻ ይናገራል የሚለው ክርክር የተሻለ ነው፤ ይሁንና የእንግሊዝኛው ቃል በጥንት አመጣጡ «ከሴቲቱ ጋር ያለች» ከማለት በቀር የሙያውን ስፋት አይናገርም። የትግርኛው «መሕረሲት»ም ከ«ሓረሰት» የወጣ ነው፤ የእኛው «አራስ» የዚያው ቤተሰብ ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች ከአንዲት ክፍል ተነሥተው ሙያውን ሰይመዋል።

የነርስነት ልዩ ሙያዎች ስያሜ ሲታይ አማርኛ የተሳካለትም ያልተሳካለትም ቦታ አለ። ከተሳካው «ጽኑ ሕሙማን» ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። እንግሊዝኛ ጥብቅነቱን ለእንክብካቤው ሰጥቶ ሰየመ፤ አማርኛ ግን «ጽኑ ሕመም» የሚል የቆየ አነጋገር ስለነበረው ጥብቅነቱን ወደ ሕመምተኛው አዙሮ ክፍሉን በሚተኙበት ሰዎች ጠራው። «የጽኑ ሕሙማን ነርስ» ሲባል ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። «የጨቅላ ሕፃናት ነርስ»ም እንዲሁ ነው፤ «ጨቅላ» ለዚያ ዕድሜ ከጥንት የተመደበ ቃል ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ልዩ ሙያውን በሳይንሱ ስም ሳይሆን በሚታከሙት ሰዎች ስም መጥራት ለአማርኛ እንደሚስማማው ነው። «የሥነ አእምሮ ነርስ» ከማለት «የአእምሮ ሕሙማን ነርስ» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው የጥናቱን ዘርፍ፣ ሁለተኛው የነርሷን ሥራ ይናገራል። «የሕፃናት ነርስ» ላይ ግን ተርጓሚ ይጠንቀቅ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ሞግዚትንም ስለሚያመለክት ልብ ወለድ ውስጥ ያለች ሞግዚት ነጭ ጋወን ለብሳ ልትወጣ ትችላለች። «ልዩ ሙያ» እንደ ስም ደህና ነው፤ «ልዩ ነርስ» ግን የምታስደንቅ ነርስ ናት።

ችግሩ የሚጸናው በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። «ስክራብ ነርስ» የሚባለው ባለሙያ ስሙን ያገኘው እጁን እስከ ክርኑ ፈትጎ ከመታጠቡ ነው። ጥሬ ትርጉሙ «አጣቢ ነርስ» ቢሆን ክብሩንም ሥራውንም ያጠፋል፤ ሥራው ከጀርም የጸዱትን መሣሪያዎች መጠበቅ፣ መቁጠርና ለቀዶ ሐኪሙ ማቀበል ነው። «አቀባይ ነርስ» እንላለን። ከጸዳው ክልል ውጭ ሆኖ የጎደለውን የሚያመጣውንና የሚመዘግበውን ባልደረባውን «አሳላፊ» ለማለት የሚቃጣው ይኖራል፤ ቃሉ ግን የድግስ ነው፤ ጠላና ወጥ ይከተሉታል። «አቅራቢ ነርስ» ብንል ይሻላል፤ አንዱ ያቀርባል፣ አንዱ ያቀብላል። የሁለቱ ድምፅ መቀራረብ ጉድለት መሆኑን አንክድም፤ በጽሑፍ እንጂ በጥድፊያ ጊዜ በቃል እንዲያገለግሉ አላሰብናቸውም። ማደንዘዝን በተመለከተ «ሰመመን» እና «ማደንዘዣ» መለየት አለባቸው። ሕዝቡ ለሁለቱም «ማደንዘዣ» ይላል፤ የደነዘዘ ጥርስና የተኛ ሰው ግን አንድ አይደሉም። «ሰመመን» በእንቅልፍና በንቃት መካከል ላለው ሁኔታ አስቀድሞ የነበረ ቃል ስለሆነ፣ ሙሉውን ሰው ለሚያስተኛው ሕክምና መስጠቱ ትክክል ነው።

«ነርሲንግ» የሚለውን አጥብቀን እንቃወማለን። «ነርስ»ን ከወሰድን በኋላ የእንግሊዝኛውን ቅጥያ ደግሞ ሁለተኛ መዋስ አያስፈልግም። ሁኔታውን «ነርስነት»፣ ዘርፉን «የነርስ ሙያ»፣ ሥራውን «የነርስ እንክብካቤ» ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ ወደ «አስታመመ» እንመለስ፤ ምክንያቱም ቃሉን ከነርሷ ስም ብናርቀውም ከሙያው ሁሉ ልናርቀው አንፈልግም። ሊድን የማይችልን ሕመምተኛ ሥቃይ የሚያቀልለው የሕክምና ዘርፍ በአገራችን ብዙ ዕድሜ የለውም፤ ለዚሁ ሥራ የቆመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዘርፉ አንድ ጊዜ «ፓሊየቲቭ ኬር»፣ ሌላ ጊዜ «የማስታገሻ ሕክምና» ይባላል። «ማስታገሻ» ግን የመድኃኒት ስም ነው፤ ሕመምተኛው ሲሰማው ክኒን ይጠብቃል። ዘርፉ ከክኒኑ ይሰፋል፤ ጭንቀትን፣ የቤተሰብን ኀዘን፣ የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ይጨምራል፤ ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም በእንክብካቤው ውስጥ ያስገባል። ነርሷና ቤተሰቡ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩት በዚህ ዘርፍ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ጊዜ የዓይደር ሆስፒታል ባለሙያዎች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ፣ መድኃኒትና ጓንት እያለቀባቸው ሠርተዋል። መድኃኒት ባለቀበት ክፍል ለነርሷ የቀረላትን ሥራ በአማርኛ የሚገልጸው ግስ «አስታመመች» ነው፤ «አከመች» ሐሰት፣ «አስታገሠች»ም ግማሽ እውነት ነው። ስለዚህ ለዚህ ዘርፍ «የማስታመም ሕክምና»፣ ለባለሙያዋም «የማስታመም ነርስ» የሚል ስያሜ እናቀርባለን። ንዑስ ግሱ «ማስታመም» እንጂ የባለቤት ስሙ «አስታማሚ» ባለመግባቱ፣ አልጋው ሥር ጋቢውን ያነጠፈው ሰው ስሙን እንደያዘ ይቆያል።